የካናዳ የካርበን ታክስ፦ ከተነሳም በኋላ ያላባሩ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አልበርታ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር)፣ ኤድመንተን ውስጥ ታክስ የሚሞሉ ወገኖችን በነፃ አግዛለሁ። ቲ-ፎሩን (አሠሪው የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ ወረቀት) በፌስታል ይዞ የሚመጣ አለ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚመጣም አለ። ሁሉም ግን ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ያቺ የካርበኗ ገንዘብ የት ገባች?» ታክሱ ተነሳ፣ ጥያቄው አልተነሳም። እዚህ የሰበሰብኩት ከጠረጴዛው ማዶ የሰማሁትን ነው። ዓመትና ወሩ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ዶላሩም የካናዳ።

የካርበን ታክስ ጠፋ ተብሎ የለም እንዴ? ለምን አሁንም ይወራል?

የጠፋው ግማሹ ነው። «የካርበን ታክስ» በሚለው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠሩ ነበር።

አንዱ ቤንዚን ስንቀዳና ቤት ስናሞቅ የምንከፍለው ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በኤፕሪል 2019 በአንድ ቶን ልቀት (ወደ አየር በሚለቀቅ የካርበን ጋዝ) 20 ዶላር ብሎ ጀመረው፤ በየዓመቱ እየጨመረ በኤፕሪል 2024 ቶኑ 80 ዶላር ደረሰ። ወደ ኪሳችን ሲመጣ በአንድ ሊትር ቤንዚን 17.61 ሳንቲም፣ በአንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ 15.25 ሳንቲም ማለት ነው። በ2030 ቶኑ 170 ዶላር እንዲገባ ታቅዶ ነበር። ማርክ ካርኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ ማርች 14 ቀን 2025፣ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ዜሮ እንዲሆን ወሰኑ።

ሁለተኛው ፋብሪካዎች፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችና የነዳጅ ኩባንያዎች የሚከፍሉት ነው። እሱ ዛሬም አለ። ከሁለቱ ከባዱን ሸክም የሚጎትተውም እሱ ነው። ፓምፕ ላይ ስለማይታይ ግን ስለሱ ሊሟገተኝ የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በየሦስት ወሩ ይገባልኝ የነበረው ገንዘብ ለምን ቀረ?

ሪቤቱ፣ ከተሰበሰበው ታክስ ለቤተሰብ ይመለስ የነበረው ገንዘብ ማለት ነው። መጀመሪያ ከታክስ ተመላሽ ጋር ተደባልቆ ይመጣ ነበር፤ ከጁላይ 2022 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለብቻው ባንክ ይገባ ጀመር። ታክሱ ሲቆም ምንጩ ደረቀ። የመጨረሻው ክፍያ ከኤፕሪል 22 ቀን 2025 ጀምሮ ወጣ። በመጨረሻው ዓመት አልበርታ ውስጥ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር በየሩቡ 450፣ በዓመት 1,800 ዶላር ያገኙ ነበር። ኦንታሪዮ ያሉት 1,120። ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለሚኖር በላዩ 20 በመቶ ይጨመርለት ነበር። የቆዩ ዓመታት ታክስ ሳይሞላ የቀረበት ካለ ሳይውል ሳያድር ሲአርኤን (የካናዳን የታክስ መሥሪያ ቤት) ይጠይቅ።

ብዙ ሰው ይህን ገንዘብ ከቻይልድ ቤኔፊት (ከልጆች ድጎማ) ወይም ከጂኤስቲ (ከሽያጭ ታክስ) ተመላሽ ጋር ያምታታው ነበር። አይፈረድበትም። መንግሥት ራሱ መጀመሪያ ያወጣለት ስም «የአየር ንብረት ርምጃ ማበረታቻ» የሚል ነበር፤ ይህን ስም ሰምቶ የቤንዚን ታክስ ተመላሽ ነው ብሎ የሚገምት ማን ነው? «የካናዳ የካርበን ሪቤት» የተባለው በፌብሩዋሪ 2024፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ባንኮቹም የሚጽፉት እንደየባህላቸው ነበር። አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው የባንካቸውን ገጽ አሳዩኝ፤ «ካናዳ» ከሚል ቃል በቀር የሚያስታውቅ ነገር የለውም። «ይሄማ የልጆቹ ነው» አሉ። የልጆቹ አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ የከፈሉትን እንጂ የተቀበሉትን አያውቁም።

መልሶ ለሚሰጠን ነገር ሲጀመር ለምን ይወስዳል?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ፖለቲከኞቹ ግን በደንብ መልሰውት አያውቁም።

እቁብን ያስቡ። በእኛ እቁብ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ያነሳል። የካርበኑ እቁብ የሚጣልበት ሰው ባቃጠለው ነዳጅ ልክ ነው፤ የሚነሳው ግን በቤተሰብ ቁጥር እንጂ በነዳጅ አይደለም። ሦስት መኪና የሚገባበት ጋራዥ፣ ፒክአፕና ጀልባ ያለው ሰው ብዙ ይጥላል። ቤዝመንት ተከራይቶ በአውቶቡስ የሚሄደው ጥቂት ይጥላል። ሲያነሱ ግን ሁለቱም ያው ናቸው። ከተሰበሰበው 90 በመቶ ያህሉ በዚህ መንገድ ለቤተሰቦች ይመለስ ነበር፤ የቀረው ለአነስተኛ ንግዶችና ለነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች።

ቁልፉ ሪቤቱ ከፍጆታ ጋር አለመያያዙ ላይ ነው። ቤንዚን ቢቀንሱ ሪቤቱ አይቀነስብዎትም። ያልቀዱት ሊትር ሁሉ 17.61 ሳንቲሙን ኪስዎ ትቶ ይሄዳል። የታሰበው ሰውን ማደህየት አልነበረም። መኪና ሲለውጥ፣ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) ሲቀይር፣ መስኮቱ ንፋስ ሲያስገባ፣ ጭሱም እንደ አንድ ወጪ ሂሳብ ውስጥ እንዲገባ ነው።

በወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ሰው በወረቀት ላይ አይኖርም። የሚከፈለው መንገድ ዳር በትልቅ ሰሌዳ ላይ በመብራት ተጽፎ ቆሟል፤ የሚመለሰው በሌሊት ባንክ ገብቶ ሳይታይ ያድራል።

ኡበርና ታክሲ የሚነዳ ሰውስ? እሱ ተጎድቷል አይደል?

እንደሚኖርበት ፕሮቪንስ፣ እንደ ቤተሰቡ ብዛትና እንደ መኪናው ነው። በ2024ቱ ዋጋ እናስላው።

በዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የሚበላ አሽከርካሪ 5,400 ሊትር ያቃጥላል። የካርበኑ ድርሻ 951 ዶላር ነው። ኤድመንተን ውስጥ ቤት ካለውና ለማሞቂያ በዓመት 2,800 ሜትር ኩብ ጋዝ ከፈጀ ሌላ 427 ዶላር። ድምሩ 1,378። ሚስትና ሁለት ልጆች ካሉት 1,800 ተቀብሏል፤ ከ400 ዶላር በላይ ተርፎታል። በነዳጁ ምክንያት ሌላው ዕቃ ላይ የሚጨመረውን እዚህ አላስገባሁም፤ እሱም ከትርፉ የተወሰነውን ይበላል።

ያው ሰውዬ ኦንታሪዮ፣ ቶሮንቶ ቢሆንስ? ለማሞቂያ 2,300 ሜትር ኩብ እንያዝለት፤ 351 ዶላር። ከቤንዚኑ ጋር 1,302። የተቀበለው 1,120 ነው። 182 ዶላር ከስሯል። ልዩነቱ የመጣው በአንድ ፕሮቪንስ የተሰበሰበው እዚያው ፕሮቪንስ ስለሚከፋፈል ነው፤ አልበርታ ብዙ ነዳጅ ስለምታቃጥል የነፍስ ወከፉ ድርሻ ከፍ ይላል።

አሁን የቶሮንቶውን ሰውዬ ሃይብሪድ እንስጠው። በመቶ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር። ቤንዚኑ 3,000 ሊትር ይሆናል፣ የካርበኑ ድርሻ 528 ዶላር። ከማሞቂያው ጋር 879። ሪቤቱ ግን ያው 1,120 ስለሆነ ከ240 ዶላር በላይ ያተርፋል። ታክሱ የተፈለገው ይህን እንዲሠራ ነበር፤ ቤንዚኑ ራሱ ላይ የሚቆጠበውን ደግሞ ገና አልቆጠርኩም። የእኛ ሾፌሮች ፕሪየስና ሃይብሪድ ካምሪ የወደዱት ስለ ካርበን ተጨንቀው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሂሳቡ ግን አንድ ነው።

ብቻውን የሚኖር፣ አልበርታ ውስጥ በዓመት 900 ዶላር የሚያገኝና የሚነዳው መኪና ብዙ የሚበላ ሾፌር በትንሹም ቢሆን ከስሯል። በተጨማሪ ጂኤስቲ በካርበኑ ታክስ ላይ ይታሰብ ነበር፤ «ታክስ ላይ ታክስ» ብለው የሚያማርሩት እውነታቸውን ነው። በግል ሥራ የተመዘገበ ሰው ቤንዚኑን ከወጪ መቀነስ ስለሚችል ጉዳቱ ትንሽ ይለዝባል፤ ደረሰኝ ካስቀመጠ ነው ታዲያ። ደረሰኝ በጓንት ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፣ ይደበዝዛል። ይሄንን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ!

ኑሮ የተወደደው በሱ ምክንያት አይደለም?

በጥቂቱ። የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ቲፍ ማክለም ተጠይቀው የሰጡት ቁጥር አለ፦ ታክሱ በየዓመቱ ሲጨምር የዋጋ ንረቱ ላይ የሚያክለው 0.15 የመቶኛ ነጥብ ያህል ነው፤ ጨርሶ ቢነሳ ደግሞ ንረቱ ለአንድ ዓመት ብቻ በ0.6 የመቶኛ ነጥብ ይወርዳል። በ2022 የካናዳ የዋጋ ንረት ከ8 በመቶ ያለፈበት ወር ነበር። ከዚያ ውስጥ የካርበኑ ድርሻ ኢምንት ነው። ቀሪው የወረርሽኙ፣ የዩክሬን ጦርነት፣ የቤት ኪራይ፣ የወለድ ጣጣ ነው።

ታክሱ ሲነሳ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። በማርች 2025 ንረቱ 2.3 በመቶ ነበር፣ በኤፕሪል 1.7 ሆነ። ቤንዚን ከዓመት በፊት ከነበረው 18 በመቶ ገደማ ረከሰ፤ የዓለም የነዳጅ ዋጋም በዚያው ሰሞን ስለወረደ ሁሉም የታክሱ አይደለም። ሌላውስ? በዚያ ወር ሀበሻ ሱቅ ገብቼ የጤፍ ዱቄቱን ዋጋ አየሁ። አልተነቃነቀም። ባለ ሱቁን «ካርበኑ ተነሳ እኮ» ብለው ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ያ ጤፍ የመጣው ከአሜሪካ ነው፣ ካናዳ ውስጥ ታክሱ የሚነካው ከድንበር ወዲህ ያለውን የጭነት መኪና ናፍጣ ብቻ ነበር። የካናዳ ገበሬዎችም ለእርሻ መሣሪያ የሚጠቀሙበት ቤንዚንና ናፍጣ ነፃ ነበር። እህል ለማድረቅና ጎተራ ለማሞቅ የሚያቃጥሉት ጋዝ ግን አልነበረም፤ የገበሬዎቹ ቅሬታ እዚያ ላይ ነበር፣ ቅሬታውም ተገቢ ነበር።

ሥራ አላሳጣም?

በአጠቃላይ ቁጥሩ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ በአንዳንድ ሰፈር ግን አሳጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሚናገር ሰው ካጋጠመዎ ይጠርጥሩት።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከሁሉም ቀድማ በጁላይ 2008 በቶን 10 ዶላር ጀመረች። የሰበሰበችውን ያህል የገቢ ታክስ ቀነሰች። በተከታዮቹ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ሲገመገሙ ልቀቱ ታክሱ ባይኖር ይሆን ከነበረው ከ5 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ኢኮኖሚው ላይ ያመጣው ለውጥ ደግሞ ይሄ ነው የሚባል አይደለም። ነዳጅ አብዝተው የሚያቃጥሉ ኢንዱስትሪዎች ሠራተኛ ቀነሱ፣ የአገልግሎቱ ዘርፍ ጨመረ።

አልበርታን ግን በቅርብ አውቀዋለሁ። ከኤድመንተን በስተ ምዕራብ ዋባመን ሐይቅ ዙሪያ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በፊት አብዛኛው የአልበርታ መብራት የሚመጣው ከከሰል ነበር። በ2018 ፕሮቪንሱ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን ሁሉ በአንድ መለኪያ ይመዝን ጀመር፦ ጥሩ የጋዝ ማመንጫ የሚለቀውን ያህል ነፃ፣ ከዚያ በላይ በቶን 30 ዶላር። ከሰል በአንድ ሜጋዋት ሰዓት አንድ ቶን ገደማ ይለቃል፣ መለኪያው ደግሞ 0.37 ቶን ነበር። ስለዚህ ከሰሉ በየሜጋዋት ሰዓቱ 19 ዶላር ያህል ቅጣት ተሸከመ። ጋዙም በዚያው ጊዜ ርካሽ ነበር፤ በ2030 ከሰል እንዲቆም ትእዛዝም ወጥቶ ነበር። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ኩባንያዎቹ 2030ን አልጠበቁም። የመጨረሻው የከሰል ማመንጫ በጁን 2024 ጠፋ፣ ስድስት ዓመት ቀድሞ።

ማን ከፈለ? ሦስቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከሰሉን ቀድመው በመዝጋታቸው እስከ 2030 በየዓመቱ 97 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 1.36 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ተስማሙ፤ ገንዘቡም ከኢንዱስትሪው የካርበን ክፍያ የሚወጣ ነው። ሠራተኛውም መደጎሚያ ተደርጎለት ነበር። ግን ሃያ ዓመት ከሰል የቆፈረ ሰው «ኮርስ ውሰድ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚህ አገር ስንመጣ ዲግሪያችንን ይዘን «ኮርስ ውሰዱ» የተባልን ስንቶች ነን?

የአልበርታ የነዳጅ ከተማ በሆነችው ፎርት ማክመሪ ከሥራ የወጡ ወንድሞችም ይህን ታክስ ይረግማሉ። ያኔ ያፈናቀላቸው ግን የነዳጅ ዋጋ ነው። በ2014 አጋማሽ በርሜሉ ከ100 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። የፌዴራሉ ታክስ የመጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ፋብሪካው የሚከፍለው መጨረሻ ላይ ከእኛ ኪስ አይደለም የሚወጣው?

ከሚያስቡት ያነሰ ነው። አሠራሩ ለየት ይላል። ለስሌት እንዲመች አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ በዓመት 100,000 ቶን ይለቃል እንበል። መንግሥት ለዚያ ምርት የወሰነው መለኪያ 90,000 ቶን ቢሆን ፋብሪካው የሚከፍለው ለ10,000ው ትርፍ ብቻ ነው። በቶን 95 ዶላር፣ 950,000 ዶላር። ለጠቅላላው ልቀት ሲካፈል በቶን 9 ዶላር ተኩል ይመጣል፤ የሲሚንቶው ዋጋ ላይ የሚያርፈው ይሄኛው ነው። ፋብሪካው አንድ ቶን በቀነሰ ቁጥር ግን የሚያተርፈው 95 ዶላር ነው። ከ90,000 በታች ከወረደ ደግሞ ክሬዲት (በቀነሰው ቶን ልክ የሚሰጥ ምስክር ወረቀት) አግኝቶ ለሌላው ይሸጣል። ገበያ እንዳያጣና ምርቱ ወደ ሌላ አገር እንዳይሸሽ ተብሎ ነው እንዲህ የተቀየሰው።

ደካማ ጎኑ ክሬዲቱ ሲበዛ መርከሱ ነው። አልበርታ ዋጋውን በሜይ 2025 95 ዶላር ላይ አቆመችው፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው ክሬዲት ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በርካሽ ክሬዲት መገላገል የሚችል ኩባንያ ለምን አዲስ ማሽን ይገዛል? በኖቬምበር 27 ቀን 2025 ካርኒና የአልበርታ ፕሪሚየር ዳንኤል ስሚዝ የፈረሙት የመግባቢያ ሰነድ ይህን ዋጋ ቢያንስ ወደ 130 ዶላር ለማድረስ ይላል። ሰነድ ሰነድ ነው፤ ክሬዲቱ ስንት እንደሚሸጥ እናያለን።

«አብዛኛው ቤተሰብ ያተርፋል» እና «አብዛኛው ቤተሰብ ይከስራል» ሲባል፣ ማን ነው የዋሸው?

ሁለቱም ወገን አንድ ሰነድ ይዘው ነበር የሚጮሁት። የፓርላማው የበጀት መሥሪያ ቤት ሁለት ሂሳብ ሠራ። በመጀመሪያው የከፈሉትንና የተቀበሉትን ብቻ አወዳደረ፤ አብዛኛው ቤተሰብ አትራፊ ሆነ። በሁለተኛው ታክሱ ደመወዝንና የካፒታል ትርፍን በጊዜ ብዛት እንዴት ይቀንሳል የሚለውን ጨመረ፤ ያኔ አብዛኛው ከሳሪ ሆነ። መንግሥት የመጀመሪያውን ገጽ፣ ተቃዋሚው ሁለተኛውን ያነብ ነበር።

በ2024 መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስህተት አመነ። በሁለተኛው ሂሳብ ውስጥ የፋብሪካዎቹ የካርበን ዋጋ የሚያመጣው ተጽዕኖ አብሮ ገብቶ ነበር። በኦክቶበር 2024 አርሞ ሲያወጣው ኪሳራው ከቀድሞው አነሰ። ያኔ ግን ሰው የሚያምነውን አምኖ ጨርሶ ነበር። ደግሞም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ሂሳቡ የአየር ንብረት ለውጡ ራሱ የሚያመጣውን ወጪ፣ የደን ቃጠሎውንና ጎርፉን፣ በሌላኛው ሚዛን ላይ አላስቀመጠም። በጁላይ 2024 ጃስፐር ከተማ ሲቃጠል ለተፈናቃዮች ምግብ የቋጠሩ ሰዎች ይህን ቀዳዳ ሳይነግሯቸው ያውቁታል።

ታዲያ ምን ገደለው?

የማሞቂያ ዘይት፣ በእኔ ግምት። ኦክቶበር 26 ቀን 2023 ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጀስቲን ትሩዶ ለማሞቂያ ዘይት ታክሱ ሦስት ዓመት እንዲቆም አደረጉ። በዘይት የሚያሞቁት በብዛት የአትላንቲክ ፕሮቪንሶች ናቸው፤ እኛ በጋዝ ነው። እዚህ ከዜሮ በታች 35 ሲሆን ማሞቂያ ቅንጦት የሆነብን ያህል ነበር የተሰማን። ሳስካቸዋን ወዲያው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በጋዝ ላይ አልሰበስብም አለች። «ለሁሉም እኩል ነው» የተባለ ነገር አንዴ ለአንዱ ከላላ በኋላ የሚያቆመው የለም። የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ፒየር ፖሊየቭር «ታክሱን ቁረጡ» እያሉ አገር ሲዞሩ የገዢዎቹ ሊበራሎች መከላከያ ግራፍ ነበር። ግራፍ ደግሞ መፈክር አይረታም።

ፍርድ ቤቱስ? ሕገ ወጥ ነው ተብሎ አልነበረም?

ተብሎ አያውቅም፤ ማለቴ በመጨረሻው ፍርድ ቤት። ሳስካቸዋን፣ ኦንታሪዮና አልበርታ ከሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 25 ቀን 2021 በ6 ለ3 ድምፅ ሕጋዊ ነው አለ። የተነሳው በፖለቲካ ነው።

ሞንትሪያል ያለችው እህቴ ሪቤት አግኝታ አታውቅም። ለምን?

ሞንትሪያል ያለችበት ኩቤክ ከ2013 ጀምሮ የራሷ የልቀት ገበያ አላት፣ ከ2014 ወዲህም ከካሊፎርኒያ ጋር ተያይዟል። መንግሥት የልቀት ፈቃድ በጨረታ ይሸጣል፣ ነዳጅ አከፋፋዮች ይገዛሉ፣ ወጪው ቤንዚኑ ላይ ያርፋል። ገንዘቡ ለሰው አይመለስም፤ ለአየር ንብረት ፕሮጀክቶች ይውላል። የፌዴራሉ ታክስ ሲነሳም የኩቤኩ አልተነሳም። ስለዚህ እህትዎ ዛሬም እየከፈሉ ነው። የሚገርመው፣ እዚያ ያን ያህል ጩኸት የለም። ሰሌዳ ላይ ለብቻው አልተጻፈማ።

ካናዳ የዓለም ልቀት 1.4 በመቶ ብቻ ናት። ቻይና እያለች እኛ ለምን?

ቻይናም ከ2021 ጀምሮ አገር አቀፍ የልቀት ገበያ አላት፤ ደቡብ አፍሪካም ከጁን 2019 ጀምሮ የካርበን ታክስ ታስከፍላለች። ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ብረት፣ አልሙኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጂንና ኤሌክትሪክ ሲያስገባ የካርበን ዋጋ ያስከፍላል፤ አምራቹ አገሩ ላይ የከፈለው ይቀነስለታል። ካናዳ የፋብሪካውን ዋጋ ብታነሳ ገንዘቡ ለአልበርታ መሆኑ ቀርቶ ለብራሰልስ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ያገናኛታል?

በቀጥታ ትንሽ። ቡናና አበባ በአውሮፓው ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ መብራቷም ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው። ካርበን ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታወቀው በሻጭነት ነው። ወላይታ ሁምቦ ውስጥ 2,700 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ ጉቶው ራሱ እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፤ በዲሴምበር 2009 በተባበሩት መንግሥታት አሠራር ተመዘገበና የዓለም ባንክ 165,000 ቶን ክሬዲት ሊገዛ ተዋዋለ። ገበሬው በዋጋ የሚያውቀው ካርበን ይሄ ነው። በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና ማስገባት የተከለከለው ደግሞ በዋጋ ሳይሆን በትእዛዝ ነው፤ ዋናው ምክንያትም ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ በኤሌክትሪክ መኪና ይሄዳል፣ እኔ እዚህ በቤንዚን። በስልክ ስንገናኝ ይስቅብኛል።

«የካርበን ሪቤት ተልኮልዎታል፣ ለመቀበል ይህን ይጫኑ» የሚል ቴክስት ደረሰኝ። ልጫነው?

አይጫኑት። ሲአርኤ በቴክስት ሊንክ ገንዘብ አይልክም፣ ኢ-ትራንስፈርም አያደርግም። ከጫኑት ወዲያው ባንክዎ ይደውሉ፣ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ፣ ለልጆችዎም ይንገሯቸው፤ ባለፈው ያየሁት ሰው የሞላው የባንክ ካርዱን ቁጥር ነበር።